የእንጨቱ ቤት ባለቤቶች

ሚስቴ እንደ ሌባ ትሄዳለህ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቤት ውስጥ ስንቀሳቀስ ተረከዜ መሬት አይነካም። ስልኳን እያየች ተቀምጣ ከኋላዋ ደርሼ ሳናግራት ክው ትላለች። ይኸን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን እስካሁን አልለመደችውም። ምን ላድርግ? የእንጨት ወለል ላይ ነው ያደግኩት። ሲሚንቶ ላይ ያደገ ሰው ይኼ አይገባውም። የእንጨት ወለል ወሬ አይቋጥርም። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ተኳርፎ እግሩን እየጣለ እንደሚሄድ ለጎረቤት ሁሉ ይናገራል። በዚያ ላይ ወለሉ የሰው ነበር። በሰው ወለል ላይ ደግሞ እንደልብ አይረገጥም።

ቤቱን አይታችሁት ይሆናል። ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ፣ ከፍ ያለች ቦታ ላይ፣ በረንዳው ወደ ሐይቁ የዞረ ቪላ ነበር። ከጣሪያው ቆርቆሮ በቀር ከእግር እስከ ራሱ እንጨት ነው። ያሠሩት ሐጂ ሙሄ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። አንድ ጊዜ ለንግድ አስመራ ሄደው እንዲህ ያለ ቤት ያያሉ። አይተው ዝም ብለው አልመጡም፤ ልባቸውን እዚያ ጥለው መጡ። ደሴ ውስጥ ከጣልያን ጦር ተርፎ፣ አግብቶ ወልዶ የቀረ አንድ ጣልያን አናጢ ነበር። እሱን ቀጠሩት። ጥዱን ከአምባሰል ተራራ ሥር አስቆረጡና በውጫሌ በኩል በጭነት መኪና አስመጡት። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም። ቤቱ በድንጋይ መሠረት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ የገበያ ሴቶች ሐጂ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ሊያድሩ ነው ብለው ሳቁ ይባላል።

ሐጂ ሁለት ሚስቶች ነበሯቸው። ታላቂቱ ገበያው አጠገብ ያለው የጭቃ ቤት ውስጥ ከልጇ ከሰይድ ጋር ትኖራለች። ታናሺቱ ፋጡማ ደግሞ ከልጇ ከዘይነባ ጋር በእንጨቱ ቤት። ሐጂ አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ እያሉ ተራ ይጠብቃሉ። ፍትሐዊ ሰው ነበሩ። ለአንዷ ሻሽ ከገዙ ለሌላዋም ይገዛሉ። ሚስቶቹ ባይዋደዱም አይጣሉም ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ አብዮቱ የቤቱን አዋጅ አመጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ይበቃል፣ የቀረው ትርፍ ነው ተባለ። ሐጂ ቀበሌ ተጠሩ። ሊቀመንበሩ በእሳቸው ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ይዞ የኖረ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ግን አዲስ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ታውቁታላችሁ።

«ሐጂ፣ ቤተሰብዎ አንድ ነው ሁለት?» አላቸው።

«ሚስቶቼ ሁለት ናቸው ልጄ። ቤተሰቤ ግን አንድ ነው» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያው አንድ ቤት ይበቃዎታል።»

ሐጂ ነገሩ ገባቸው። «አይ፣ ሁለት ቤተሰብ ነው በለኛ» አሉ።

«ሁለት ከሆነ ሁለተኛዪቱ ራሷን ችላ ቤት ለመንግሥት ታመልክት።»

ተሰብሳቢው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። የትኛውን ቤት ይመርጣሉ ሲባሉ መለሱ፦ «እናንተ የምትጠይቁኝ የትኛዋን ሚስት ትመርጣለህ ነው። እሱን አላህም አልጠየቀኝ።» ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። እሳቸው ስላልመረጡ ቀበሌው መረጠላቸው። ምን ብሎ መረጠ? መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ሐጂ የተገኙበት ቤት መኖሪያቸው ነው ተባለ። የተገኙት ገበያው አጠገብ ነበር። መዝጋቢዎቹ የመጡት በታላቂቱ ሚስት ሳምንት ነበራ። አንድ ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ ይኼን ሁሉ ነገር አላወራላችሁም ነበር።

የእንጨቱ ቤት ትርፍ ሆነ። ፋጡማና ዘይነባ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እንዲከራዩ ተፈቀደላቸው። ፋጡማ እስክትሞት ድረስ ይኼን ስታነሣ፣ «እኔም ከቤቱ ጋራ ተወረስኩ» ትል ነበር። ሐጂ ወደ ሚስታቸው ሲመጡ በረንዳው ሥር ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» ይሉና ግቡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ። የቀበሌ ቤት ነዋ። ሰው እየሳቀ ግቡ ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ሳይባሉ አንድም ቀን አልገቡም። ብዙም አልቆዩ። በሽታቸው ምን እንደሆነ ሐኪም አልነገረንም፤ ሠፈሩ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

እኛ የመጣነው ሐጂ ገና በሕይወት እያሉ ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር፤ ውጫሌ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እናቴ ብርቄ እኔን ታቅፋ ቀረች። ቀበሌው አዘነላትና የእንጨቱን ቤት ሳሎን ሰጣት። ፍራሻችንን ተሸክመን ስንደርስ ፋጡማ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ትንሽ ነበርኩ፤ ግን የቆመችበት ዛሬም ይታየኛል። እናቴ አፈረች። አንገቷን ደፍታ፣

«እኔ አልጠየቅሁም። ሰጡኝ» አለች።

«እኔም አልሰጠሁሽም» አለች ፋጡማ። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችላት። «ግቢ።»

በሳሎኑና በኋላው ክፍል መካከል የነበረውን በር ቀበሌው በሚስማር አሸገው። አሸገው ማለት ለዓይን ነው። ሲያስነጥሱ እኛ ይማራችሁ እንላለን፤ ስንጸልይ እነሱ ይሰማሉ። ዘይነባ ያኔ ኮረዳ ናት። ከኔ ጋር ንግግሯ አንድ ብቻ ነበር፤ በበረንዳው ስሮጥ ከመስኮት ብቅ ትልና፣ «ቀስ ብለህ ርገጥ። ያባቴ ነው» ትላለች። በዚህ ነው ተረከዜ የተነሣው።

በሩን የከፈተው የፋጡማ ሞት ነው። እሷ በተኛች ጊዜ እናቴ በውጭ በኩል ዞራ እየገባች አስታመመቻት። ሥጋችን አይገናኝም፤ እነሱ የኛን አይበሉ፣ እኛ የነሱን። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግ። ከሐይቁ የወጣውን ቀረሶ በአንድ ድስት እየሠራች አብረን በላን። ፋጡማ ያረፈች ዕለት ለቀስተኛው ከኋላ ክፍሎቹ ሞልቶ ሜዳ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ መዶሻ አምጥታ ሚስማሩን ነቀለችና በሩን ከፈተችው። የሐጂ ሳሎን የሐጂን ሚስት ለቀስተኛ ተቀበለ። በሩ ተመልሶ አልተዘጋም። ዘይነባ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን «እማማ» አለቻት፤ እኔም ዘይነባን «እቴ» ማለት ጀመርኩ።

መንግሥት ተለወጠ። ያላግባብ የተወረሰ ይመለሳል የሚል ወሬ መጣ። እቴ ዘይነባ ያኔ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏንም ቀብራለች። ነጠላዋን አጣፍታ ቢሮ ለቢሮ መዞር ያዘች። ምን ዋጋ አለው? እሷ አቤት ባለች በሳምንቱ ወንድሟ ጋሽ ሰይድም አቤት አለ። የአባቴ ቤት ነው፣ በሸሪዓው ለወንድ ሁለት እጅ ለሴት አንድ እጅ ነው አለ። እሷ ደግሞ አንተ የገበያውን ቤት ወስደህ የለም ወይ አለችው። ቀበሌው በበኩሉ ቤቱ ገና የኔ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ገና ባልተመለሰ ቤት ነው የተጣሉት። ጋሽ ሰይድ ጠበቃ አቁሞ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ከቤቱ አንዲት ሚስማር እንዳትነቀል የሚል እግድ አስወጣባት። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ደቀንን እንጂ ቆርቆሮ መቀየር አልቻልንም።

የሐጂ ልጆች ሰላምታ ተቋረጡ። በኢድ ሶላት መልስ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ሐይቁ ያያል፣ አንዷ ወደ ጋራው ታያለች። ሹማምንቱ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ የመጣው ሁሉ፣ «እኔ አዲስ ነኝ፣ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ያስረዱኝ» ይላል። እቴ ዘይነባ ከሁለቱ ሚስቶች ትጀምራለች። ልጇ ሐያት ዓረብ አገር ሆና ትደውላለች። ተይው፣ ብሎኬት እሠራልሻለሁ፣ ከፈለግሽ ፎቅ አደርገዋለሁ ትላታለች። እቴ ስልኩን ዘግታ፣ «ብሎኬት ውስጥ ሰው ይተኛል?» ትለኛለች። እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ አግብቼ ሌላ ሠፈር ተከራይቻለሁ። እናቴ ግን ከሳሎኑ ንቅንቅ አላለችም። አርጅታ፣ ደም ግፊት ይዟት፣ ኋላም እግሯ እምቢ ብሏት አልጋ ላይ ዋለች። እቴ ነበረች የምትጠብቃት።

ጦርነቱ ከወልዲያ በኩል ወረደ። በመጀመሪያ የመጡት የውጫሌ ሰዎች ናቸው፤ ፍራሽ ባጃጅ ላይ አስረው፣ ላም እየነዱ፣ አሮጊት አዝለው። ከዚያ የኛም ከተማ ተነሣ። ሚስቴን ከልጆቹ ጋር ወደ ደሴ ላክሁ፤ ደሴም እንደማትተርፍ መች አወቅን? እኔ እናቴን የት አደርጋታለሁ? ከእሷ ጋር ቀረሁ። እቴ ዘይነባን አንቺ እንኳ ሂጂ አልኳት።

«እኔ ከወጣሁ ቀበሌዎቹ ሌላ ሰው ያስገቡበታል» አለች።

«በዚህ ቀን ማን ቤት ያከራያል እቴ?»

«አንተ አታውቃቸውም» አለችኝ።

ጋሽ ሰይድም አልወጣም። ሱቁን ለማን ይተዋል? አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከባድ መሣሪያ ገበያው ላይ ወደቀ። ጋሽ ሰይድ የሱቁን በር እየዘጋ ነበር። ዜናውን ያመጣው የመስጊዱ ሽማግሌ ሸህ አሊ ነው። እቴ ዘይነባ ለእናቴ ውሃ እያጠጣች ነበር። ጣሳውን አስቀመጠች። አላለቀሰችም። «ታጠበ?» ብላ ጠየቀች።

«እየታጠበ ነው። ከመምሸቱ በፊት እንቅበረው። ግን እንጨት የለም» አለ ሸህ አሊ።

የሙስሊም ሬሳ ጉድጓዱ ውስጥ ከተኛ በኋላ አፈር እንዳይጫነው በላዩ እንጨት ይረበረብለታል። የጣውላ መሸጫዎቹ ተዘርፈዋል። ባሕር ዛፍ ቆርጬ ልምጣ ብሎ ወደ ጋራው የወጣ ሰው ሁለተኛ አልታየም። እቴ ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች።

«ተሾመ፣ መዶሻ አለህ?»

«ምን ልታደርጊ?»

«ያባቴን መኝታ ቤት ወለል አንሣልኝ።»

እኔ ሞኙ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ከውጭ ተኩስ እየተሰማ፣ ወንድሟ ሬሳው እየታጠበ፣ «እቴ፣ እግድ አለበትኮ» አልኳት። ለካ ሰው ለብዙ ዘመን ፍርድ ቤት ሲመላለስ የኖረ ጎረቤት ካለው እሱም ይነካካል።

«እግዱን ያስወጣው እሱ አይደል? ሂድና ጠይቀው እስቲ» አለችኝ። ድምፅዋ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። «ድርሻዬን አምጪ ሲለኝ አልኖረም? ይውሰዳ።»

ሚስማሩ ዕድሜ ጠግቦ እምቢ አለኝ። በብረት ፈልቅቄ የመጀመሪያዋን ጣውላ ሳነሣ የጥድ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ትናንት የተቆረጠ ነበር የሚመስለው። ከወለሉ ሥር የዶሮ ላባና አቧራ ብቻ ነው ያለው። እቴ ጣውላዎቹን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ለእንግዳ እንደሚጠረግ። ሸህ አሊና እኔ ተሸክመን ወሰድን። ጋሽ ሰይድ በአባቱ ወለል ተከድኖ ተቀበረ።

ወሬ ይሮጣል። በማግስቱ አንድ ሰው በረንዳው ሥር ቆሞ፣ «እንጨት አላችሁ አሉ» አለ። ልጁ ሞታበት ነው። ሰጠችው። ከዚያ ሌላ መጣ፤ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ መጡ። ለእኛ ደግሞ ሳጥን ያስፈልገናል፤ ሳጥን ብዙ ጣውላ ይፈልጋል። ቄሱ ይኼን ለመናገር አፈሩ። «የናንተ ዙሪያውን ነው መሰለኝ» አለች እቴ። ግድግዳውን አሳየቻቸው። ማን ሞተ፣ የማን ወገን ነው፣ በምን ሞተ ብላ ጠይቃ አታውቅም። የምትጠይቀው ቁመቱን ብቻ ነበር። እኔ እነቅላለሁ። ቤቱ ከኋላ ወደ ፊት እያለቀ መጣ። ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ በግድግዳው በኩል ገብቶ ይወጣል። ምሽት ሲሆን የእቴን አልጋ ወደ ሳሎኑ አመጣንና ሦስታችንም እዚያው ተሰበሰብን።

የእናቴ ኪኒን አለቀ። መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ናቸው። ግማሽ ግማሽ እያደረግን ሰጠናት፤ ከዚያ እሱም አለቀ። ራሴን እያለች ጥቂት ሰነበተች። አንድ ቀን ወደ እቴ ዞራ፣ «ዘይነባ፣ ቤትሽን ያዝኩብሽ» አለች።

«ኧረ ዝም በይ እማማ» አለች እቴ። እጇን ይዛ ተቀመጠች። እናቴ በዚያው ተኛች፤ ከሰዓት በኋላ አለፈች።

ያን ጊዜ የቀረው ሳሎኑ ብቻ ነበር። እኔ የኋላውን በር እንፍታ፣ ለሳጥን አያንስም አልኩ። ሳሎኑን ካፈረስን እቴ የት ልታድር ነው? ባዶ ምሰሶ መሀል? እቴ ግን አልሰማችኝም። እናቴ ዘመኗን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታ የተኛችበትን ግድግዳ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ከዚህ ነው የሚሆነው። ይኼ የሷ ነው» አለች።

አናጢ አይደለሁም። የተጣመመውን ሚስማር በድንጋይ እያቃናሁ የእናቴን ሳጥን ራሴ መታሁት። አንዱ ጎኑ ከሌላው ረዘመ። መጋዝ ስለሌለኝ እንደረዘመ ተቀበረ። ከተሸከሙት ሰዎች ግማሾቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የኛ ሰው ብቻውን አልበቃም። እቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ መጥታ ከውጭ ቆመች።

ጦርነቱ እስኪያልፍ የሳሎኑም ቀሪ ጣውላ ለሌሎች ሙታን ሄደ። ሚስቴና ልጆቼ ተመለሱ። የጋሽ ሰይድ ልጆች ከተሰደዱበት መጥተው አክስታቸውን ከጣሪያውና ከምሰሶዎቹ ሥር አገኟት። ወደ ገበያው ቤት ወሰዷት። ስለዚህ እቴ ዘይነባ ዛሬ የምትኖረው በእንጀራ እናቷ ቤት ነው። ድርሻችንን ትተናል ብለውም ፈረሙላት። የጉዳት መዝጋቢዎች ሲመጡ ቤቱን ማን አወደመው ብለው ጠየቁ። ከባድ መሣሪያ በይ፣ ዘረፋ በይ ብዬ ብዙ ጎተጎትኳት፤ እርዳታ ሊያስገኝ ይችላል። «ወንድሜን የከደንኩበትን ተዘረፈ ልበል?» አለችኝ። ለመዝጋቢው፣ «እኛ ነን ያፈረስነው» አለችው። እሱም አመስግኖ ሄደ። በዚያ በኩል ምንም አልመጣም።

ቀልዱ ከዚያ በኋላ ነው። ጠያቂም ተከራካሪም ከጠፋ በኋላ፣ ቤቱ ለባለቤቱ ይመለስ የሚል ውሳኔ ወጣ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ሜትሩን ይዞ ሊለካ መጣ። እቴን ከገበያው ቤት በባጃጅ አመጣኋት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዞሮ ዞሮ አየ። መሠረቱ አለ፣ ምሰሶዎች አሉ፣ ቆርቆሮ አለ። ሜትሩን ሳይዘረጋ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ውሳኔው የሚለው ቤቱ ይመለስልዎ ነው። ይኼ ግን ቤት አይባልም፤ ግድግዳም ወለልም የለውም። ባዶ ቦታ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ነው። ምን ብዬ ልጻፍ? ቤቱ የለም።»

እቴ ዘይነባ መሠረቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን እያሸች ሐይቁን ስታይ ቆየች።

«ቤቱማ አለ ልጄ» አለችው። «ሰው ገብቶበት ነው እንጂ።»

መሐንዲሱ ግራ ገባው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሕገወጥ ነዋሪ አለ እንዴ፣ ካሉ ማስወጣት ይቻላልኮ አለኝ።

«አይቻልም» አልኩት። «አንዷ እናቴ ናት።»